ከጦር ሜዳ ጓዳችን የገቡ ዕቃዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ የጀመረው በጀሪካን ነው። ውሃ በጠፋበት አንድ ሳምንት ሰፈራችን ቦቴ መጣና ተሰለፍን። ከፊቴ ቢጫ ጀሪካን፣ ከኋላዬ ቢጫ ጀሪካን። አጠገቤ የቆመ አንድ ጎረምሳ «ጀሪካን ግን ምን ማለት ነው? አማርኛ ነው እንዴ?» አለኝ። የማውቀውን ነገርኩት። ሳቀ፤ አላመነኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይሄስ? ያኛውስ?» የሚለኝ ሰው በዛ። ብዙ ጊዜ የተጠየቅኳቸውን እነሆ። ቀኖቹም፣ ወሮቹም፣ ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጀሪካን ማለት ምን ማለት ነው?

«ጄሪ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን የሚጠሩበት ቅጽል ስም ነበር። «ካን» ጣሳ ነው። ሲገጣጠም «የጀርመን ጣሳ» ይሆናል። ጀርመኖቹ ግን እንደዚያ አይሉትም፤ ለእነሱ «አይንሃይትስካኒስተር» ነበር። ለጦሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የተሠራ ጣሳ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት እንግዲህ የሠራው ሰው ሳይሆን የማረከው ጠላት ነው።

ጣሳ ጣሳ ነው፤ ምን የተለየ ነገር አለው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንደዚህ ታስቦበት የተሠራ ዕቃ ብዙ አይገኝም።

ጣሳውን በ1937 የነደፈው ሙለር የሚባል የጀርመን ድርጅት ዋና መሐንዲስ ቪንዜንስ ግሩንፎገል ነው። የሚይዘው 20 ሊትር ነው። አናቱ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሦስት እጀታዎች አሉት። ሲያዩት ጌጥ ይመስላል። ሙሉውን አንድ ወታደር ሲሸከመው መሃለኛውን ይይዛል። ለሁለት ሲሸከሙት አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ይይዛል። በሰልፍ ቆመው ሲቀባበሉትም እጅ ከእጅ አይጋጭም። ባዶ ሲሆን ደግሞ ሁለት ጣሳ አጣብቀው የተጎራበቱትን እጀታዎች በአንድ መዳፍ ይጨብጧቸዋል። በሁለት እጅ አራት ባዶ ጣሳ ማለት ነው።

ክዳኑ ከገላው ጋር በማጠፊያ ተያይዟል፤ ስለዚህ አይጠፋም። ለመክፈት መፍቻ አይፈልግም። ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይዘጋል። አፉ ውስጥ ቀጭን የአየር ማስገቢያ አለ፤ ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ገላው ሁለት ተመሳሳይ ቆርቆሮ መሃል ላይ ተበይዶ የተሠራ ነው። ጎኑ ላይ ያለው መስቀለኛ ጎድጓዳ መስመር ቆርቆሮውን ያጠነክረዋል፤ ነዳጁ በፀሐይ ሲለጠጥም መላወሻ ይሰጠዋል። ሞላሁት ብትሉም እጀታው ሥር የአየር ኪስ ይቀራል። ስለዚህ ነዳጅ የሞላ ጀሪካን ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል።

እንግሊዞች በበኩላቸው 4 ጋሎን፣ ማለትም 18 ሊትር ገደማ የሚይዝ ስስ የቆርቆሮ ጣሳ ነበራቸው። ወታደሮቹ ራሳቸው «ፍሊምዚ» አሉት፤ በእኛ አነጋገር ልፍስፍሱ። በሰሜን አፍሪካ በረሃ መኪናው በድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ ጣሳው መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቅና ቤንዚኑ አሸዋ ሲያጠጣ ይውላል። ወታደሩ ልፍስፍሱን የሚወደው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ቆርጦ፣ አሸዋ ሞልቶ፣ ቤንዚን አርከፍክፎ ሻይ ያፈላበታል። «የቤንጋዚ ምድጃ» ይባል ነበር።

የጀርመኑን ጣሳ የማረከ ክፍል ታዲያ የራሱን ትቶ እሱን ይይዛል። በመጨረሻ እንግሊዝ እንዳለ ኮርጃ ማምረት ጀመረች። በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት፣ ያለ እነዚህ ጣሳዎች ጦራቸው ፈረንሳይን በዚያ ፍጥነት ማቋረጥ ባልቻለ ነበር ብለዋል። ስለ ጣሳ ነው የሚያወሩት፤ ስለ ታንክ አይደለም።

አሜሪካኖች ከእንግሊዞች ነው ያዩት?

ከዚያ በፊት እጃቸው ላይ ነበር። ፖል ፕሊስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1939 ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባው ጋር በመኪና ወደ ሕንድ ለመሄድ ይነሳል። ለመንገድ የሚሆን ውሃ መያዣ እንደሌላቸው ትዝ አላቸው። ጀርመናዊው በርሊን በሚገኘው የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተከማቹትን ጣሳዎች ያውቃል። ሦስቱን ላፍ አድርጎ መጣ። በጉዞው ላይ የአሠራሩን ዝርዝር ሁሉ ለፕሊስ ነገረው።

ፕሊስ ሀገሩ ሲመለስ ለጦሩ ሹሞች ነገራቸው። የሰማው የለም። እኛ የራሳችን ጣሳ አለን ነው ነገሩ። በኋላ አሜሪካኖቹ ሲኮርጁትም «አሻሻልነው» ብለው ብየዳውንና ክዳኑን ቀየሩት። ለመክፈት መፍቻ፣ ለመቅዳት ተጨማሪ ቱቦ የሚፈልግ ሆኖ አረፈው። ቢሮ ውስጥ ሠርታችሁ የምታውቁ ሰዎች ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንባችሁም።

የእኛ ቢጫ ጀሪካን ያው እሱ ነው?

ስሙና 20 ሊትሩ ያው ነው። ሌላው ተለውጧል። የእኛው ፕላስቲክ ነው፤ አብዛኛው ሥራውን የሚጀምረው የምግብ ዘይት ይዞ ነው። ዘይቱ ያልቃል፣ በአሸዋና በኦሞ ይታጠባል፣ ከዚያ ለዓመታት ውሃ ይመላለስበታል። እናቴ ቤት ያለው አንዱ ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ ተወትፏል። ሦስቱ እጀታ አንድ ሆኗል። ያኔ ሁለት ወታደር ይጋራው የነበረውን ዛሬ አንዲት ልጅ በገመድ ጀርባዋ ላይ አዝላው ትሄዳለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው።

በነገራችን ላይ በዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ ላይ ያለው መመዘኛ በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። አንድ ጀሪካን እንኳ አልሞላም። ጸረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ግን አጥቤዋለሁ ብላችሁ ለመጠጥ ውሃ አታውሉት።

ፋንታን የፈጠሩት ናዚዎች ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ፋንታ የተወለደው በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ፣ በ1940 ነው። የፈጠረው ግን መንግሥቱ አይደለም፤ የኮካ ኮላ የጀርመን ቅርንጫፍ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር የኮካ ዋናው ቅመም ከአሜሪካ መምጣቱ ተቋረጠ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ማክስ ኪት ፋብሪካ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ጠርሙስ አለው፤ የሚሞላበት ነገር ግን የለውም። ስለዚህ ሌሎች የምግብ ፋብሪካዎች የሚጥሉትን መሰብሰብ ጀመረ። አይብ ሲሠራ የሚቀረውን አጓት፣ ፖም ሲጨመቅ የሚቀረውን አተላ። የተገኘው ነገር እየተለዋወጠ ስለሚገባ ጣዕሙም እንደዚያው ይለዋወጥ ነበር። ስም ሲፈለግ ኪት ሠራተኞቹን ፋንታዚያችሁን፣ ማለትም ምናባችሁን ልቀቁት አላቸው። አንዱ ሻጭ ቃሉን ቆረጠና «ፋንታ!» አለ። አለቀ።

የዚያን ጊዜው ፋንታ ብርቱካን ብርቱካን አይልም ነበር። ስኳር በራሽን በሚታደልበት ወቅት አንዳንዱ ቤት ሾርባና ወጥ ማጣፈጫ አድርጎታል። እኛ የምናውቀው የብርቱካን ፋንታ የመጣው በ1955 ጣሊያን፣ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለበዓል የምንከፍተው ፋንታ ከጀርመኑ የወረሰው ስሙን ነው።

ታሪኩ አሁንም እሾህ አለው። በ2015 ድርጅቱ 75ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለጀርመን ባዘጋጀው ማስታወቂያ «የድሮው ደግ ጊዜ» የሚል መንፈስ አስገባ። ሰው 75 ሲቀነስ ስንት እንደሚሆን ማስላት አላቃተውም። ማስታወቂያው ተነሳ።

ካሮት ዓይን ያበራል?

ይህን የሚጠይቁኝ እናቶች ናቸው፤ ልጅ ካሮት አልበላም ሲል። መልሱ እንደ ዓይኑ ነው።

በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ሌሊት ሌሊት ለንደንን ሲደበድቡ የእንግሊዝ አብራሪዎች በጨለማ መትተው መጣል ጀመሩ። ጆን ካኒንግሃም የሚባለው አብራሪ በጣም ከመታወቁ የተነሳ «የድመት ዓይን» ተባለ። ጋዜጣው አብራሪዎቹ ካሮት ስለሚወዱ ነው በሌሊት የሚያዩት ብሎ ጻፈ። እውነቱ ሌላ ነበር። አውሮፕላኖቹ አፍንጫ ላይ ትንሽ ራዳር፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ በጨለማም የሚያይ መሣሪያ ተገጥሟል። ያ ደግሞ ምስጢር ነው።

ጀርመኖች ወሬውን ስለማመናቸው ማስረጃ የለም፤ ራዳር እነሱም ነበራቸው። ያመነው የገዛ ሕዝቡ ነው። ለመንግሥት ይህም አልከፋውም። ስኳርና ቅቤ በራሽን ሆኖ ካሮት ግን ተትረፍርፎ ነበር። «ዶክተር ካሮት» የሚባል የካርቱን ምስል ሳይቀር ተሠራለት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ በጨለማ ለመሄድ ካሮት ብሉ የሚል ፖስተር ተለጠፈ።

የኛ ሰው «ዳፍንት» የሚለው በሽታ አለ አይደል? ሲመሽ ዓይን የሚጋርደው። ዋነኛው መንስኤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። እጥረት ያለበት ልጅ ካሮት፣ ጎመን፣ ጉበት፣ እንቁላል ይረዳዋል። እጥረት የሌለበትን ግን አንድ ኩንታል ካሮት ቢበላ ድመት አያደርገውም።

ማይክሮዌቭ የተገኘው በስህተት ነው?

በቸኮሌት ነው። ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል ሰው ሬይተን በተባለ ድርጅት ለራዳር የሚሆን ማግኔትሮን ያመርታል። ማግኔትሮን የራዳሩ ልብ ነው፤ ኃይለኛ አጭር ሞገድ ያመነጫል። በ1945 አካባቢ አንድ ቀን ከሚሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ቀልጦ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪውን ሊያሳጥብ ይሄድ ነበር። እሱ በቆሎ አስመጣና አጠገቡ አደረገ። ፈንዲሻ ሆነ። ቀጥሎ እንቁላል ሞከረ። እንቁላሉ ፈነዳ።

ስፔንሰር በልጅነቱ ወላጅ ያጣ፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ ያቋረጠ ሰው ነበር። ኤሌክትሪክ የተማረው እየሠራ ነው።

በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ቁመቱ ከአንድ ረጅም ሰው ጋር ይተካከላል፤ 1.8 ሜትር ገደማ። ክብደቱ 340 ኪሎ፣ ዋጋው ወደ 5,000 ዶላር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ 495 ዶላር የሚሸጠው የመጣው በ1967 ነው።

ጨረር ይተዋል ወይ ለምትሉ፦ አይተውም። ሞገዱ ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያንቀጠቀጠ ያሞቀዋል፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንቁላል ከነቅርፊቱ ግን አታስገቡ። ስፔንሰር ሞክሮልናል።

ማይክሮዌቭ ሲበራ የብሉቱዝ ማዳመጫዬ ለምን ይቆራረጣል?

ጎረቤት ስለሆኑ። የቤት ማይክሮዌቭ የሚሠራው 2,450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ብሉቱዝም፣ ብዙው ዋይፋይም እዚያው ሰፈር ነው ያለው። ከበሩ ሥር የምታመልጠው ጥቂት ሞገድ እናንተን አትጎዳም፤ ማዳመጫውን ግን ታደናቁረዋለች።

ማዳመጫው ጭራሽ ዝም የማይለው ብሉቱዝ አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ነው። በሰከንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ድግግሞሽ ወደ ሌላው ይዘላል። ይህ የመዝለል ሐሳብ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይወስደናል።

ዋይፋይን የፈጠረችው የፊልም ተዋናይ ናት?

በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው ፎቶ እንደዚያ ይላል። ሄዲ ላማር ትባላለች። በ1914 ቪየና ተወለደች፤ የመጀመሪያ ባሏ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ከእሱ ሸሽታ ሆሊውድ ገባች። ዘመኗ የሚያውቃት በመልኳ ነው። ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ዕቃ ስትፈታታና ስትሞክር እንደምታመሽ የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ያስጨነቃት ቶርፒዶ ነው፤ በውሃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ። መርከብ ላይ የሚተኮሰው ቶርፒዶ በሬዲዮ ቢመራ ጠላት ያንኑ ሞገድ አግኝቶ ሊያፍነው ይችላል። ላኪውና ተቀባዩ አብረው ሞገድ እየቀያየሩ ቢዘሉስ? ሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል አገዛት። እሱ ራሳቸውን የሚጫወቱ ፒያኖዎች በማቀናጀት ሞክሮ ያውቃል። ስለዚህ እንደ ፒያኖው የተበሳ ወረቀት ተጠቀሙ፤ የድግግሞሹም ብዛት 88 ሆነ፣ ልክ እንደ ፒያኖ ቁልፎች። በነሐሴ 1942 ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የፓተንቱ ጊዜ ሲያልቅም ሳንቲም አላገኙበትም። ዋይፋይን ፈጠረች ማለት ታዲያ ማጋነን ነው። ሐሳቡን ከእሷ በፊትም ያነሱት ነበሩ፤ ዋይፋይና ብሉቱዝንም የሠሩት ሌሎች መሐንዲሶች ናቸው። ግን ከዓመታት በፊት እዚያ ሐሳብ ላይ ደርሳለች፤ በ2014 የአሜሪካ የፈጠራ ባለሙያዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ስሟ ገብቷል።

ብሉቱዝ የሚለው ስምስ? ሃራልድ ብሉቱዝ በ10ኛው መቶ ዘመን የዴንማርክ ንጉሥ ነበር። ትርጉሙ «ሰማያዊ ጥርስ» ነው፤ የሞተና የጠቆረ ጥርስ ነበረው ይባላል። የተከፋፈሉትን ስላዋሐደ፣ የተለያዩ መሣሪያዎችን ለሚያገናኘው ቴክኖሎጂ ለጊዜው በስሙ ይጠራ ተባለ። የተሻለ ስም በጊዜው ሳይደርስ ቀረና ጥርሱ ጸና። ምልክቱም የንጉሡ ስም ሁለት ፊደላት በጥንቱ የስካንዲኔቪያ ጽሕፈት ተደራርበው ነው።

ጂፒኤስ ስከፍት አሜሪካ ታየኛለች?

ሳተላይቱ አያያችሁም። ጂፒኤስ እንደ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ስትከፍቱ ጣቢያው እናንተ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም። 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ሳተላይት «እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ቦታ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» ይላል፤ ሌላ ወሬ የለውም። ስልካችሁ የአራት ሳተላይቶችን ድምፅ ሰምቶ፣ መልእክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ያለበትን ያውቃል። ቦታችሁን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ያለው አፕ ነው፤ በኢንተርኔት ይልከዋል። መጠርጠር ካለባችሁ እሱን ጠርጥሩ።

በዚህ ምክንያት ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር «ጂፒኤሱም ሞተ» ብሎ ያቆም ነበር። የሞተው ካርታው ነው። ካርታውን ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቀድሞ አወረደ፤ አሁን ቀስቱ እየሄደለት ነው።

ሥራው የጦር ነበር። የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 መጠቀ። መስከረም 1 ቀን 1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን፣ በረራ ቁጥር 007፣ መንገድ ስቶ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ገባ። ተዋጊ ጄት መትቶ ጣለው፤ 269 ሰው አለቀ። በዚያው ወር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሬገን መንግሥት ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አውሮፕላኖች በነጻ ክፍት እንደሚሆን አስታወቀ። ቢሆንም ለሲቪሉ የሚላከው ሆን ተብሎ ይደበዝዝ ነበር፤ እስከ 100 ሜትር ያስታል። 100 ሜትር ማለት ቦሌ መንገድ ላይ ሆናችሁ ከጀርባው ያለው መንደር ውስጥ ናችሁ እንደማለት ነው። ማደብዘዙ የቆመው በግንቦት 2000 ነው።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ሳተላይቱ ላይ ያለው ሰዓት ከእኛ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጥናል። አንስታይን እንዳለው፣ ስበት ሲቀንስ ሰዓት ይፈጥናል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይዘገያል፤ ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚቀረው ይህ ነው። ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ነገር ግን ሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ይሄዳል። ሰዓቱ ባይስተካከል ስህተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርስ ነበር።

ኢንተርኔት የተሠራው የኑክሌር ጦርነትን ለመቋቋም ነው?

ገንዘቡ የአሜሪካ መከላከያ ነው፤ ዓላማው ግን ያ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ውድ ነበርና በተለያየ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንዲጋሩት ነው የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት የተዘረጋው። ከኑክሌር የሚተርፍ መገናኛ ያጠናው ፖል ባራን የሚባል ሌላ ሰው ነው፤ ሐሳቡ ጠቅሟል፣ ሰው ሁለቱን ታሪክ ቀላቅሎታል።

የመጀመሪያው መልእክት ጥቅምት 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ ተላከ። ተማሪው «ሎግ ኢን» ሊጽፍ ጀመረ። ሁለት ፊደል እንደገባ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ያን ያህል ተለውጧል ለማለት ይከብዳል።

የታሸገ ምግብስ?

እሱም የጦር ስንቅ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ምግብ ሳይበላሽ ለሚያቆይ ሰው ሽልማት አዘጋጀ፤ ኒኮላ አፔር የሚባል ወጥ ሠሪ በ1810 12,000 ፍራንክ ወሰደ። እሱ የተጠቀመው ጠርሙስ ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ቆርቆሮ ተተካ። የሚያስቀው መክፈቻው ነው፤ እስከ 1850ዎቹ አልተፈለሰፈም። አርባ ዓመት በላይ ሰው ጣሳውን በመሮና በመዶሻ ሲፈለቅቅ ኖረ። በሶ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ይዞ ይዘምት የነበረው የእኛ ሰው ቢያንስ መዶሻ አላስፈለገውም።

ያ ሰፊው ብርማ ፕላስተርም የጦር ነው?

አዎ፤ ሐሳቡ ደግሞ የአንዲት እናት ነው። ቬስታ ስታውት ኢሊኖይ ውስጥ የጥይት ሳጥን ታሽግ ነበር። ሁለት ልጆቿ የባሕር ኃይል ውስጥ ናቸው። ሳጥኑ በወረቀት ፕላስተር ይታሸጋል፤ ለመክፈት የሚሳበው ጫፍ ግን እየተቆረጠ ይቀራል። ልጆቼ እየተተኮሰባቸው ሳጥን ሲፍቁ ሊውሉ ነው አለች። ከጨርቅ የተሠራ፣ ውሃ የማያስገባ ፕላስተር ይሁን ብላ ለአለቆቿ ብትነግር አልሄደላትም። በየካቲት 1943 ሥዕል ጨምራ በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጻፈች። ሐሳቧ ተቀባይነት አግኝቶ መመረት ጀመረ። ብርማ የሆነው በኋላ፣ ለአየር ማስተላለፊያ ቱቦ መገጣጠሚያ ሲሸጥ ነው።

ከእኛ ጋር የሚገናኝ ታሪክ የለም?

አለ፤ በፈረስ ይጀምራል። የራስ መኮንን የፈረስ ስም «አባ ቃኘው» ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1951 ወደ ኮሪያ የላኩትን ጦር በአባታቸው ፈረስ ስም «ቃኘው» አሉት። ከዚያ ስሙ ወደ አሥመራ ዞረ። አሜሪካኖች እዚያ የነበራቸው የሬዲዮ ጣቢያ «ቃኘው» ተባለ።

ጣቢያው ከስሙ ይቀድማል። በጣሊያኖች ጊዜ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ነበር፤ አሜሪካኖች የገቡበት በ1943 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በርሊን የነበረው የጃፓን አምባሳደር ኦሺማ የጀርመንን የምዕራብ አውሮፓ ጠረፍ ምሽግ ጎብኝቶ ያየውን በዝርዝር ለቶኪዮ አስተላለፈ። ሞገዱ አሥመራ ላይ ተጠለፈ፤ አሜሪካኖች የጃፓንን ምስጢራዊ ኮድ ቀድመው ስለፈቱት አነበቡት። በሰኔ 1944 ኖርማንዲ ላይ ለሚያርፈው ጦር ይህ ወርቅ ነበር።

ለምን አሥመራ? ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ የሬዲዮ ሞገድ ብዙም አይለዋወጥባትም። በኋላ የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች የሚልኩትን የሬዲዮ መልእክት ለመጥለፍ 46 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ተተከለባት። ጣቢያው በ1977 ተዘጋ።

ስሙን ልብ በሉልኝ። «ቃኘ» ማለት ዞሮ አየ፣ ሰለለ ማለትም ይሆናል። ራስ መኮንን ፈረሳቸውን ሲጠሩ የአሜሪካን የስለላ ጣቢያ አላሰቡም።

በመጨረሻ፣ ጀሪካን ስቀዳ ለምን ጉልክ ጉልክ እያለ እግሬ ላይ ይረጫል?

ያዙልኝ ያልኳችሁ የአየር ማስገቢያ ይኸው መጣ። ውሃ ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት። የእኛ ጀሪካን ያለው አንድ አፍ ስለሆነ ውሃና አየር በተራ ይጋፉበታል፤ ጉልክ የሚለው አየሩ ሲገባ ነው። የጀርመኑ ጣሳ ለአየሩ የራሱ መንገድ ስላለው ሳይንተፋተፍ ይወርዳል።

መላ አለው። የጀሪካኑ አፍ ወደ አንድ ጎን የተጠጋ ነው። ብዙ ሰው አፉን ወደ ታች አድርጎ ያዘነብላል። ገልብጡት፤ አፉ ከላይ በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉ። ውሃው በታችኛው ከንፈር ሲወርድ አየሩ በላይኛው ይገባል። መጀመሪያ ግር ይላል፤ ሦስተኛው ጀሪካን ላይ ትለምዱታላችሁ።